ሽማግሌ ነው የከዳን

ስለ ዘንድሮ ልጆች ሙዚቃ ለማማረር የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ተሟልቶልኝ ነበር። ዕድሜው አለኝ፤ ጡረታው አለኝ፤ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ቀድሞ የሚነግረኝ ጉልበት አለኝ። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ «ይኼ ደግሞ ዜማ ተብሎ ነው?» ስል ከወዲህም ከወዲያም «እውነትዎን ነው ጋሼ» የሚለኝ አይጠፋም። ሰው በስተርጅናው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ልጆች ዘመናቸውን ያበላሻሉ፣ እኛ እናማርራለን፤ ሁሉም በየሥራው ላይ ነበር። ይህን ስንት ዘመን የኖረ ሥርዓት ያፈረሰብኝ አንድ ጃፓናዊ ነው። ጎረምሳ ቢሆን እንኳ ባልከፋኝ። ሽማግሌ ነው!

ነገሩ የመጣው በሻንጣ ነው። አሜሪካ ያለችው ልጄ ለእረፍት ስትመጣ ለልጅ ልጄ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን፣ ለእኔ ካልሲ ይዛ መጣች። ካልሲው ክረምቱን ሳይጨርስ ተቀደደ። ፕሌይስቴሽኑ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ሳሎናችንን ይገዛል። ልጁ ካሉት ጨዋታዎች ሁሉ መርጦ ራሱን የቀበረው «ድራገን ክዌስት 11» የሚባለው ውስጥ ነው። ለማታውቁት ላስረዳ። አንድ ጀግና አለ፤ ጎራዴውን ታጥቆ ከመንደር መንደር ይዞራል፣ ጭራቅ ይገድላል፣ ዓለምን ያድናል። የመጀመሪያው ክፍል ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ያኔ ዓለም ዳነች። በ1987 እንደገና ዳነች። በ1988 ለሦስተኛ ጊዜ። እንዲህ እያለ 11ኛው ላይ ደርሷል። አንድ ሥራ በአንድ ጊዜ መጨረስ ያልቻለ ሠራተኛ በኛ ጊዜ የደረጃ ዕድገት አያገኝም ነበር።

ጭራቁን እንኳ ችዬዋለሁ። ያስመረረኝ ሙዚቃው ነው። ጀግናው ሜዳ ላይ ሲሄድ አንድ ዜማ አለ። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ዜማው ያልቃል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ያልቃል፣ እንደገና ይጀምራል። ጭራቅ ሲገጥመው ሌላ ዜማ፣ ሲያሸንፍ ሌላ፣ ከተማ ሲገባ ሌላ፣ ቤተ መንግሥት ሲደርስ ሌላ። እኔ ጓዳ ቁጭ ብዬ ቡና ስጠብቅ ልጁ የት እንደደረሰ ቴሌቪዥኑን ሳላይ አውቃለሁ። አንድ ቀን «ምሳ ቀርቧል፣ ና!» ብለው «ውጊያ ላይ ነኝ አባባ፣ ትንሽ ቆይ!» አለኝ። «ውሸታም! ከተማ ገብተህ ሱቅ ለሱቅ እየዞርክ ነው!» አልኩት። እውነትም ጋሻ እየገዛ ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የማደሪያው ነው። ጀግናው ቆስሎ፣ ደክሞ፣ ሊሞት አንድ ሐሙስ ሲቀረው የእንግዳ ማረፊያ ይገባል። ጥቂት የወርቅ ሳንቲም ይከፍላል፤ ማያው ይጨልማል፤ አንድ ትንፋሽ የማትሞላ ዜማ ትሰማለች፤ ይነጋል። ሲነሣ ቁስል የለ፣ ድካም የለ። ይቺ ዜማ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ አብራ የኖረች ናት፤ ጃፓን ውስጥ የማያውቃት ያለ አይመስለኝም። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ስነሣ ጉልበቴን ማታ ከተውኩት ብሶበት አገኘዋለሁ። ይባስ ብሎ ያቺን ዜማ በሰማሁ ቁጥር ያዛጋኝ ጀመር። በጠራራ ፀሐይ፣ እንግዳ ፊት! ባለቤቴ «ምነው፣ የኔ ዘመዶች ሲመጡ ብቻ ነው እንዴ እንቅልፍህ የሚመጣው?» አለችኝ። የጃፓን አልቤርጎ ነው ብዬ ላስረዳት?

በመጨረሻ ክሴን አሰናድቼ ልጁን ጠራሁት። «ይኼን የሠራው ጎረምሳ ማን ይባላል?» አልኩት። ስልኩን ነካክቶ ፎቶ አሳየኝ። ሙሉ ልብስ የለበሰ ሽበታም ሽማግሌ ኦርኬስትራ ፊት ቆሟል። «ይኼ አያቱ ነው፤ እኔ ሠሪውን ነው የጠየቅኩህ» አልኩት። «ራሱ ነው አባባ። ኮይቺ ሱጊያማ ይባላል። የ11ዱንም ክፍሎች ሙዚቃ የደረሰው እሱ ነው።» የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1931 ቶኪዮ ውስጥ ነው። ወይ ጉድ! ሰውየው በዕድሜ ይበልጠኛል። ታላቄን እንዴት አድርጌ ነው «የዘንድሮ ልጅ» የምለው?

የሚሠራውን ያጣ ሰው ቢሆን «ይሁን፣ ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ባልኩ። ግን አይደለም። ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ነው። ፉጂ ቴሌቪዥን ገብቶ የዘፈን ፕሮግራም ሲያዘጋጅ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓንን ያናወጡት ዘ ፒናትስ የተባሉት መንትያ እህትማማቾችና ዘ ታይገርስ የተባሉት ጎረምሶች ከዘፈኗቸው አንዳንዶቹን የደረሰላቸው እሱ ነው። ቶኪዮ ውስጥ ትልቁ የፈረስ እሽቅድምድም ሲጀመር የሚነፋውም ጥሩምባ የእሱ ድርሰት ነው፤ ስንት ሺህ ሰው ገንዘቡን ከማጣቱ በፊት የሚሰማው የመጨረሻ ዜማ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሃምሳውን ካለፈ በኋላ ከልጆች መጫወቻ ጋር ምን አገናኘው?

ፖስት ካርድ ነው ያገናኘው። ሰውየው ጨዋታ የሚባል ነገር አያልፈውም ነበር፤ ኮምፒዩተር ላይ የጃፓኖችን ቼዝ ይጫወት ነበር። ጨዋታውን ያወጣው ኤኒክስ የሚባል ኩባንያ ነው፤ ከዕቃው ጋር የአስተያየት መስጫ ካርድ ነበረው። ሱጊያማ ይህን ካርድ ሞላ፤ ካርዱም ተላከ። የኩባንያው ሰዎች ስሙን ሲያዩ «ያ በቴሌቪዥን የምናውቀው ሱጊያማ ነው እንዴ?» ብለው ፈለጉት፣ አገኙት፣ ለጨዋታዎቻችን ሙዚቃ ድረስልን አሉት። እኔ በዕድሜዬ ስንት አስተያየት፣ ስንት አቤቱታ ጽፌ በስንቱ ቢሮ ሣጥን ከትቻለሁ! አንድም ቀን «ይምጡ፣ ዜማ ይድረሱልን» ያለኝ የለም። የተመለሰልኝ መልስ ቢኖር «ሌላ ቀን ይምጡ» ነው።

የድራገን ክዌስትን መክፈቻ ዜማ በአምስት ደቂቃ ነው የጻፈው ይባላል። እሱ ግን ሲጠየቅ፣ የፈጀብኝ አምስት ደቂቃ ብቻ አይደለም፤ እዚያ ለመድረስ የኖርኩት 54 ዓመት አለበት ይል ነበር አሉ። ይህን ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። የተቆለፈ በር በሽቦ ስከፍት «ይቺን ለማድረግ ነው አስር ብር?» ያለኝ ጎረምሳ ትዝ ይለኛል። የምመልስለት አጥቼ ቀረሁ፤ መልሱ ቶኪዮ ነበር ለካ።

አሁን ስለ ሙያው ላውራ፤ ወጣትነቴን የጨረስኩት በማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ስነፋ ነውና እዚህ ላይ ማንም አያርመኝም። ያ የመጀመሪያው ጨዋታ የተሠራው ፋሚኮም ለሚባለው የኒንቴንዶ ዕቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ገበያ ላይ የዋለ። የዕቃው ድምፆች ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው። ይህን ለአንድ የባንድ አለቃ እንዲህ ብላችሁ ንገሩት። ሁለት ጉንፋን የያዛቸው ክላርኔት ነፊዎች ይሰጡሃል። አንድ ቱባ ነፊ ይሰጥሃል፤ ቀስ በል ቢሉት የማይሰማ፣ ወይ በሙሉ ኃይሉ ይነፋል ወይ ዝም ይላል፣ መካከል የለውም። ከበሮ መቺ የለህም፤ በእሱ ፋንታ «ሽ፣ ሽሽ፣ ሽ» የሚል ሰው ይቆምልሃል። ይህም አልበቃ ብሎ ጀግናው ጎራዴ በሰነዘረ ቁጥር ከአራቱ አንዱ ዜማውን ጥሎ ይሄድና የጎራዴውን ድምፅ አሰምቶ ይመለሳል። የኔ አለቃ ቢሆን መለዮውን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ቤቱ ይገባ ነበር።

ሱጊያማ አልገባም። ቤተ መንግሥቱን በእነዚያ ጉንፋናም ክላርኔቶች ሠራው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ፣ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ሲመልስ፣ የሙዚቃ ደራሲው የባኽ ዘመን ሰዎች ያደርጉት እንደነበረው። ሜዳውን ደግሞ ባዶ አደረገው። በመጀመሪያው ክፍል ጀግናው ብቻውን ነው፣ ባልደረባ የለውም፤ የሜዳው ዜማም እንደዚያው የሚያጅበው ሰው የጠፋ ይመስላል። በሁለተኛው ክፍል ጓደኞች ይመጣሉ፤ ሦስተኛው ሰው ሲቀላቀል የሜዳው ዜማ ራሱ ይለወጣል፣ ይፈነጥዛል። ይህን ልጁ አሮጌውን ጨዋታ ስልኩ ላይ አውርዶ ሲያሰማኝ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ስላደነቅኩ አይደለም፤ ሻይ አፌ ውስጥ ስለነበር ነው።

የዋሻው ነገርም አለ። ጀግናው ዋሻ ውስጥ ገብቶ አንድ ደረጃ በወረደ ቁጥር ያው ዜማ ይወርዳል፣ ይዘገያልም። ሁለተኛ ደረጃ ሲወርድ ይበልጥ ይወፍራል፣ ይበልጥ ይጎተታል። ታች ሲደርስ ዜማው እግሩን የሚጎትት ሰው ሆኗል። አዲስ ዜማ መጻፍ አላስፈለገውም፤ የዕቃው ማኅደረ ትውስታ ጠባብ ስለነበር ቆጠበ። ቁጠባውን አከብራለሁ። እኔም ከአራተኛ ፎቅ ስወርድ ልክ እንደዚያው ነኝ፤ ሙዚቃ የጻፈልኝ ግን የለም።

የሁለተኛውን ክፍል ግፍ ደግሞ ስሙ። በዚያን ጊዜ ጨዋታውን አቋርጠህ ነገ ልቀጥል ብትል ዕቃው የሚያስታውስበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ እስከ 52 ፊደል የሚደርስ ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ይሰጥሃል፤ ደብተር ላይ ትገለብጠዋለህ፤ በማግሥቱ አንድ በአንድ ታስገባዋለህ። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ዋጋ የለህም፤ የስንት ቀን ድካምህ ገደል ገባ። የጃፓን ሕፃናት ተንበርክከው፣ እርሳስ ነክሰው ይህን ሲያስገቡ ሱጊያማ ምን አጫወተላቸው መሰላችሁ? የፍቅር ዘፈን! ለዘፋኝ የተዘጋጀ፣ ጣፋጭ፣ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት የአባቴ ስም በዓይኑ «ዓ» መሆን ሲገባው በአልፋው «አ» ተጽፏል ተብዬ ክረምትና በጋ ተመላልሻለሁ። ማንም የፍቅር ዘፈን አላጫወተልኝም።

በሦስተኛው ክፍል ይህን አሻሻልን አሉ፤ ዕቃው ውስጥ ባትሪ አስገብተው ጨዋታው ራሱ እንዲያስታውስ አደረጉ። ባትሪው ግን አንዳንዴ ይከዳል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሮጦ መጥቶ ሲከፍት ማያው ጥቁር ሆኖ፣ ይቅርታ፣ የጉዞ መዝገብህ ጠፍቷል የሚል መርዶ ይነግረዋል። አብሮት ደግሞ የተረገመ ዕቃ ሲያነሡ የሚሰማው አጭር ጨለማ ዜማ ይመጣል። ጃፓን ውስጥ ዛሬ ሽበት ያወጡ ሰዎች ይህችን ዜማ ሲሰሙ ይሸማቀቃሉ። መርዶ በሙዚቃ ታጅቦ የሚነገርበትን አገር እስቲ አስቡት። እኛ ቢያንስ ጎህ እስኪቀድ እንጠብቃለን።

ይህ ሁሉ ሆኖም ለኦሎምፒኩ ያልተዘጋጀሁ ነበርኩ። ሐምሌ 16 ቀን 2013 ዓ.ም. ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኛ ቴሌቪዥን ፊት ነን፤ በኮሮና ምክንያት አንድ ዓመት የተራዘመው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሊከፈት ነው። ስታዲየሙ ተመልካች የለውም፤ ወንበሩ ሁሉ ባዶ። የአገሮቹ ሰልፍ ሊገባ ሲል ጥሩምባው ተነፋ። የድሮ ሰው ነኝና ሳላውቀው ወንበሬ ላይ ቀጥ አልኩ። «እሰይ! ይኼ ነው ማርሽ! መንግሥት ያለው አገር እንዲህ ነው!» ብዬ አፌን ሳልዘጋ ልጁ ዘሎ ተነሥቶ «ድራገን ክዌስት! ድራገን ክዌስት!» እያለ ሳሎኑን አተራመሰው። «ዝም በል፣ ይኼ የመንግሥት ሙዚቃ ነው» አልኩት። የድራገን ክዌስት መክፈቻ ነበር። ግሪኮች ባንዲራቸውን ይዘው በዚያ ገቡ። ተከትሎ ፋይናል ፋንታሲ ከሚባለው ጨዋታ የድል ዜማ መጣ፤ ከዚያ ሌላ ጨዋታ፣ ከዚያ ሌላ። የዓለም መንግሥታት ሁሉ የልጆች መጫወቻ ተከፍቶላቸው ሲሰለፉ አየሁ።

ያ የድራገን ክዌስት መክፈቻ «የሮቶ ዜማ» ይባላል። ጣሪያ ላይ ያለውን የውኃ ታንከር ማለቴ አይደለም፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሮቶ የጥንቱ ጀግና መጠሪያ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዬ እዚህ ላይ የግል ሳይሆን የአገር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1964፣ በኛ ጥቅምት 1957፣ አበበ ቢቂላ በዚያችው ቶኪዮ ትርፍ አንጀቱን ከታከመ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ከዚያም ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ ጅምናስቲክ ሠራ። እስከዚህ መልካም። ሜዳሊያው ሲሰጥ ግን ባንዱ የኛን መዝሙር ስላላወቀው የራሱን የጃፓንን መዝሙር ነፋለት እየተባለ ሲተረክ ኖሯል። የማርሽ ባንድ ሰው ሆኜ ይህን በሰማሁ ጊዜ የተሰማኝን አትጠይቁኝ። ሰውየው ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፎ የመጣ ነው፤ ድጋሚ ሊያሸንፍ ይችላል ብሎ አንድ ገጽ ኖታ ማስቀመጥ ያቅታል? ከዚያ በኋላ 57 ዓመት ነበራቸው። ኖታ ለመፈለግ፣ ለመለማመድ፣ ለመካስ። 57 ዓመት ቆይተው የኛን ልጆች በምን አስገቧቸው? በጌም!

ለልጁ ይህን ስነግረው «አባባ፣ ግን እኮ ስትሰማው ተነሥተህ ቀጥ ብለህ ነበር» አለኝ። ልጅ ሲጠግብ እንዲህ ነው። ቀጥ ያልኩት ወገቤን ስላመመኝ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የጎዳኝ ግን ልጁ ራሱ ነው። 11ኛው ክፍል ከጃፓን ውጭ መጀመሪያ ሲሸጥ ሙዚቃው በኮምፒዩተር የተቀናበረ ነበር፤ የእውነተኛ ኦርኬስትራ አልነበረም። ተጫዋቾቹ አጉረመረሙ። ኋላ በወጣው እትም የቶኪዮ ሜትሮፖሊታን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የተጫወተው ገባበት፤ ማጉረምረም እንደሚሠራ ልብ በሉልኝ። ቅንብሩ ላይ ገብተህ የምትፈልገውን ትመርጣለህ። እኔ በእርግጥ ኦርኬስትራውን አልኩ። የሰው ትንፋሽ ያለበት ጥሩምባ እያለ የሽቦ ጥሩምባ ማን ይሰማል? እናም ሱጊያማ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር፤ የመጀመሪያው ጨዋታ በወጣ በዓመቱ ዜማዎቹን ወደ ኮንሰርት አዳራሽ ይዟቸው ገብቷል፤ ኋላም የለንደን ፊልሃርሞኒክን የሚያህል ኦርኬስትራ ቀርጿቸዋል።

ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አይ አባባ፣ የድሮው ይሻላል።» የድሮው! ገና ጢሙ እንኳ በወጉ ያልበቀለ ልጅ! ያው እትም ጨዋታውን በሙሉ እንደ ጥንቱ በጠፍጣፋ ሥዕል የሚያሳይበት መንገድም አለው፤ ልጁ እሱን ከፍቶ ፈዝዞ ይቀመጣል። «ያኔ ድምፁ አራት ብቻ ስለነበር ዜማው ጠንካራ መሆን ነበረበት። አሁን ሁሉ ነገር አላቸው፤ ግን ዜማ የለም» ይለኛል። ስለ 1986 ነው የሚያወራው። እናቱ ራሷ ያኔ አፍ አልፈታችም ነበር። ይኼ ንግግር የኔ ነው! በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቅኩ፣ ስለ ማሲንቆና ስለ ክራር ስለው የኖርኩት፣ ቃሉ ሳይቀየር! ሽማግሌው የልጆች ሥራ ይሠራል፤ ልጁ የሽማግሌ ምሬት ያማርራል፤ እኔ መሐል ቤት ቀርቼ ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲሉ የኔን ቤት አይተው ነው።

ሰውየው እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2021 አረፈ፤ ዜማው ኦሎምፒኩን ከከፈተ ሁለት ወር ካለፈው በኋላ ብዙም ሳይቆይ። 90 ዓመቱ ነበር። ነፍሱን ይማር፤ ታላቄ ነውና እላለሁ። ግን መሞቱ እንኳ ሰላም አልሰጠኝም። ምክንያቱም ሲሞት ጡረታ ላይ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ስሙ ለተነገረው ለ12ኛው ክፍል ሙዚቃ በመሥራት ላይ ነበር። ዘጠና ዓመት ሞልቶት! ከዚያ በፊት እንኳ የዓለም አንጋፋው የጌም ሙዚቃ ደራሲ ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሰፍሮ ነበር፤ በቃኝ ማለት የሚባል ነገር አያውቅም።

ልጁ ይህን እራት ላይ ተናገረ። መናገር አልነበረበትም። ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሱጊያማ የሚሉት ሰው ዱላ ሆኗል። ቧንቧው ሲያንጠባጥብ «ሰውየው በዘጠና ዓመቱ ይሠራ ነበር።» የበሩ ማጠፊያ ሲንቋቋ «ሰውየው በዘጠና ዓመቱ።» ጉልበቴን ነው ብል «እሱስ ጉልበት አልነበረውም?» ትላለች። እንግዳ ማረፊያ ገብቶ ሳንቲም ከፍሎ ይሆናል የዳነው እላታለሁ፤ አትስቅም።

ባለፈው ቅዳሜ «ሮቶው አሸዋ ይዟል፤ ወጥተህ እጠበው» አለችኝ። መሰላሉን ልጁ ያዘልኝ። እኔ ጣሪያ ላይ ወገቤ ድረስ ታንከሩ ውስጥ ገብቼ ስፈትግ፣ እሱ ከታች ሆኖ ያንን መክፈቻ በፉጨት ጀመረው። «የሮቶ ዜማ ለሮቶ አጣቢ!» ይላል፤ በሳቅ መሰላሉን እያንቀጠቀጠ። «መሰላሉን ያዝ!» አልኩት። «ደግሞ አታፍጥነው፤ ማርሽ ነው፣ የሚሮጥ ሰው የለም! ሁለተኛው ሐረግ ላይ ትንፋሽ ትወስዳለህ፤ ከመጀመሪያው ጀምር!»